ስለ ሽጉጥ በርሜል አለካክ

የአንድን ብረት ርዝመት ማወቅ ሜትር አምጥቶ ከዳር እስከ ዳር መዘርጋት ብቻ የሚጠይቅ ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ብረቱ ሽጉጥ በሆነ ጊዜ ግን ልኬቱ ከየት ተጀምሮ በየት እንደሚፈጸም የእንግሊዝ ሕግ አንድ ነገር፥ የካናዳ ሕግ ሌላ ነገር፥ የአሜሪካ መንግሥት ደንብ ሦስተኛ ነገር ስለሚናገሩ፥ ፋብሪካዎችም እንደ ሽጉጡ ዓይነት አለካካቸውን ስለሚለውጡ፥ አንዱ ዕቃ እንደ ለኪው ሁለትና ሦስት ርዝመት ይዞ ይገኛል። ጎንደር የአንድምታ አገር ናትና፥ አንዱን ንባብ ላይ ቤት በአንድ መንገድ፥ ታች ቤት በሌላ መንገድ ሲተረጕሙት መስማት ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን በትርጓሜ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲኖሩ ማንም ወኅኒ አይወርድም፥ በበርሜል ልክ ግን የአራት ሚሊሜትር ልዩነት የተፈቀደውን ከተከለከለው ይለያል።

ነፍጥ፥ ጠመንጃ፥ ሽጉጥ

ነገሩን ከስሙ መጀመር ይገባል፤ ምክንያቱም አማርኛችን ስለ ርዝመት ያለው አስተያየት በስያሜው ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። ነፍጥ የሚለው ቃል የሚቀጣጠል ዘይትን ከሚያመለክተው የዐረብ ቃል የመጣ ሲሆን፥ በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ግራኝ አሕመድ በፖርቱጋል ነፍጠኛ ጥይት ከወደቀበት ዘመን ጀምሮ፥ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማውን እስከ ቈረቈረበት፥ ከዚያም የራስ ሚካኤል ስሑል ነፍጠኞች ቤተ መንግሥቱን እስከ ከበቡበት ጊዜ ድረስ በጣና ዙሪያና በደጋው ሰው እጅ የነበረው ረጅሙ፥ በአፉ የሚጎሰጎሰው መሣሪያ ነው። ጠመንጃ፥ ወይም ቀድሞ ይጻፍ እንደ ነበረው ጠብመንጃ፥ ከቱርክኛው ታባንጃ የተወረሰ ነው፤ የሚያስገርመውም ታባንጃ በቱርክ አገር ዛሬም ሽጉጥን እንጂ ረጅሙን መሣሪያ አለማመልከቱ ነው። ቃሉ ባሕርና በረሃ አቋርጦ ወደ እኛ ሲደርስ ርዝመት ጨመረ ማለት ነው፤ የአጭሩ መሣሪያ ስም ለረጅሙ ሲሰጥ፥ አጭሩ ስም አልባ ስለ ቀረ፥ አማርኛ ከራሱ ግስ፥ ሸጎጠ ከሚለው፥ ሽጉጥን ወለደ።

እንግዲህ ሽጉጥ ማለት የሚሸጎጥ ማለት ነው፤ በመታጠቂያ ሥር፥ በብብት፥ በኩታ ውስጥ የሚገባ። በዚህ ትርጓሜ መሠረት መሣሪያውን ሽጉጥ የሚያሰኘው የበርሜሉ ልክ ሳይሆን የመላ አካሉ መሰወር መቻል ነው፤ ይህም የቋንቋ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ወደ ኋላ እናየዋለን፤ የውጭ አገር ሕግ አውጪዎች ብዙ ክርክር አድርገው የደረሱበት አንዱ አሳብ ይኸው ነውና።

ሌላም የቃል እንቅፋት አለ። ጥይቱ የሚያልፍበትን ቱቦ ብዙ ሰው አፈሙዝ ይለዋል፤ አፈሙዝ ግን ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው አፉ እንጂ መላ አካሉ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አፈሙዝ ስንል የፊቱን ጫፍ፥ በርሜል ስንል ቱቦውን በሙሉ ማለታችን ነው፤ በርሜል የዘይትና የውሃ ዕቃ ስም መሆኑም ቢታወቅ፥ በጦር ትምህርት ቤት የተለመደው ቃል እርሱ ስለ ሆነ አልለወጥነውም።

ክንድና ዘንግ

ከሚሊሜትር በፊት የአገሩ ልክ ክንድ፥ ስንዝር፥ ጋትና ጣት ነበረ፤ በግእዙም እመት፥ ስዝርና አጽባዕ። የእነዚህ ልኮች ጕድለት በጎንደር ገበያ ሸማ የገዛ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ የረጅሙ ሰው ክንድና የአጭሩ ሰው ክንድ አንድ አይደለምና። ይህ ችግር ለመጻሕፍት ሊቃውንትም አዲስ አይደለም፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል ባየው ራእይ መቅደሱን የሚለካው ሰው የያዘው ዘንግ ስድስት ክንድ ሲሆን፥ ክንዱም ተራ ክንድ ሳይሆን ክንድ ከጋት መሆኑ አስቀድሞ ተነግሯል፤ ይህም ቍጥሩ ከመጠራቱ በፊት ልኩ ራሱ ምን እንደ ሆነ መነገር እንዳለበት የሚያሳይ ጥንታዊ ምሳሌ ነው።

ዘንግ ያልነው ደግሞ ለያዝነው ነገር በእውነት የሥራ መሣሪያ ነው። በአፉ የሚጎሰጎስ ነፍጥ በነበረበት ዘመን መጎስጎሻው ዘንግ ባሩድና እርሳስ ለማውረድ ብቻ ሳይሆን፥ ነፍጡ የጎረሰ መሆኑንና አለመሆኑን ለመለየትም ያገለግል ነበር፤ ዘንጉ እስከ ታች ከወረደ ባዶ ነው፥ ከወትሮው ከፍ ብሎ ከቆመ ግን ጎርሷል። በዛሬው ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት የጦር መሣሪያ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሚያዝዘው አለካክ ከዚህ እምብዛም አይርቅም፤ ይኸውም ቃታው፥ ማለት የጥይቱን ማደሪያ ከኋላ የሚዘጋው ብረት፥ ተዘግቶ ዘንግ በአፈሙዙ በኩል ይገባል፥ የቃታውን ግንባር ነክቶ ሲቆም ከአፈሙዙ ጫፍ ትይዩ ምልክት ይደረግበታል፥ ከዚያም ወጥቶ ከጫፉ እስከ ምልክቱ ያለው ይለካል። ከዚህ ሁሉ በፊት ካዝናው መውጣቱና የጥይቱ ማደሪያ በዓይንም በጣትም ተፈትሾ ባዶ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ዘንጉም የውስጡን ጥምዝ ቦይ እንዳይቧጥጥ እንጨት ቢሆን ይመረጣል። በውጭ በኩል ሜትር መዘርጋት ግን በብዙ ሽጉጥ ላይ ስሕተት ነው፤ በርሜሉ በላይኛው ተንሸራታች ብረት ተሸፍኖ ጅማሬው አይታይምና።

የኋላው ዳር

የክርክሩ ሥር እዚህ ነው። በባለ ካዝናው ሽጉጥ የጥይቱ ማደሪያ የበርሜሉ አካል ሆኖ ከእርሱው ጋር ተፈልፍሏል፤ በባለ ጎራሹ ግን፥ ሰው ስድስት ጎራሽ እያለ በሚጠራው፥ ጥይቶቹ የሚያድሩት ከበርሜሉ በተለየ፥ ጎራሹ በሚባል በሚሽከረከር ብረት ውስጥ ሲሆን፥ በዚህ ብረትና በበርሜሉ መካከል ወረቀት የምታሳልፍ ክፍተት አለች። ከዚህ የአሠራር ልዩነት አራት አቋም ተወልዷል።

የመጀመሪያው የፋብሪካዎች ልማድ ነው፤ ባለ ካዝናውን ከአፈሙዝ እስከ ቃታው ግንባር፥ ማደሪያውን ጨምሮ፥ ባለ ጎራሹን ግን ከአፈሙዝ እስከ ጎራሹ ፊት ብቻ፥ ማደሪያውን ትቶ። የካናዳ የወንጀል ሕግ ይህንኑ ልማድ በቃል አጽንቶ ጽፎታል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ሕግም በርሜሉ ከ105 ሚሊሜትር የማይበልጥ ሽጉጥ ከተከለከሉት ተቈጥሯል። የዚህ ልክ ኀይል ምን ያህል እንደ ሆነ ለማየት፥ ግሎክ 19 የተባለው ሽጉጥ በተራው 102 ሚሊሜትር በርሜል ስላለው ተከልክሎ፥ ኩባንያው ለካናዳ ገበያ 106 ሚሊሜትር በርሜል ያለው እንዲሠራ መገደዱ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በዚያ አገር የሽጉጥ ሽያጭ በጠቅላላው ስለ ታገደ ጉዳዩ ቢቀዘቅዝም፥ አራት ሚሊሜትር ብረት የገበያ በር የከፈተበት ታሪክ ሆኖ ይኖራል።

ሁለተኛው አቋም የእንግሊዝ ነው። እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ የበርሜል ርዝመት ከአፈሙዝ ጀምሮ ባሩዱ እስከሚፈነዳበት ነጥብ ድረስ እንዲለካ ይደነግጋል። ይህ አነጋገር ከሁሉ ይልቅ ጥንታዊውን መሣሪያ የሚያከብር ነው፤ ቃታ የሌለው፥ በአፉ የሚጎሰጎሰው ነፍጥ የቃታ ግንባር ስለሌለው በመጀመሪያው ልማድ ሊለካ አይችልም፥ ባሩዱ የሚፈነዳበት ቦታ ግን አለው። ሆኖም ቃሉ እንደ ተጻፈ ቢወሰድ፥ በባለ ጎራሽ ሽጉጥ ባሩዱ የሚፈነዳው በሚሽከረከረው ብረት ውስጥ ስለ ሆነ፥ ካናዳ የምትተወውን ሁሉ እንግሊዝ ትቈጥረዋለች፤ አንዱ ሽጉጥ በኦታዋ አጭር፥ በሎንዶን ረጅም ይሆናል።

ሦስተኛው አቋም ልኩን አንድ ከማድረግ ይልቅ ሁለት ወሰን ማበጀት ነው፤ ይህንንም አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ መርጣዋለች፤ ለባለ ካዝናው ዝቅተኛው 120 ሚሊሜትር፥ ለባለ ጎራሹ 100 ሚሊሜትር። በመካከላቸው ያለው 20 ሚሊሜትር የአንድ ተራ ቀለህ ርዝመት ያህል መሆኑን ልብ ለሚል ሰው፥ ሕግ አውጪዎቹ ሁለቱ ልኮች አንድ አለመሆናቸውን ዐውቀው እንዳስተካከሉት መገመት አያዳግተውም። ይህ ጸሐፊም ከሌሎቹ ይልቅ በዚህ መንገድ ያለው ቅንነት ይታየዋል።

አራተኛው ጥይት እንዴት እንደሚሄድ የሚመረምሩ ሰዎች አቋም ነው። እነርሱ ሕጉም ፋብሪካውም አይገዳቸውም፤ የሚሹት እርሳሱ ከተቀመጠበት ተነሥቶ አፈሙዙን እስኪለቅ ድረስ ጋዙ እየገፋው የተጓዘውን መንገድ ብቻ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ የተለመደው ሰንጠረዥ እንዴት እንደሚገለበጥ በሁለት የታወቁ ሽጉጦች እንመልከት። የአሜሪካው ኮልት 1911 በመዝገብ 127 ሚሊሜትር በርሜል ያለው ሲሆን፥ የሩሲያው ባለ ጎራሽ ናጋን 1895 ግን 114 ሚሊሜትር ነው፤ አንባቢም ኮልቱ ይረዝማል ብሎ ያልፋል። ነገር ግን ከኮልቱ 127 ውስጥ ወደ 23 ሚሊሜትር የሚሆነው ቀለሁ የተኛበት ማደሪያ ስለ ሆነ፥ ለእርሳሱ የሚቀረው መንገድ 104 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የናጋኑ 114 ግን በሙሉ የእርሳሱ መንገድ ነው። አጭር የተባለው ረዘመ፤ ሁለቱም ቍጥሮች እውነት ናቸው፥ ሐሰት የሆነው ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው።

የፊቱ ዳር

አፈሙዙስ ቢሆን ሁሉ የተስማማበት ነውን? ቃጠሎውን የሚሰውር፥ ግፊቱን የሚቀንስ ወይም ድምፁን የሚያፍን ተጨማሪ ብረት በጫፉ ላይ ሲገጠም፥ ካናዳ ማናቸውንም እንዲህ ያለ ተጨማሪ ከልኬቱ ታወጣለች፤ አሜሪካ ግን በብየዳ ወይም በካስማ ለዘላለም የተጣበቀውን ትቈጥራለች፥ በጥርስ ተጠምዝዞ የሚወጣውን ትተዋለች። ስለዚህ በአሜሪካ ብየዳ ርዝመትን ይፈጥራል፤ በካናዳ አይፈጥርም። ከዚህ በተጨማሪ በብዙ ሽጉጥ የበርሜሉ አፍ እንዳይጎዳ ጫፉ ወደ ውስጥ ጐድጐድ ተደርጎ ይቀረጻል፤ ዘንጉን ከውጭው ከንፈር ጋር ያስተካከለ ሰውና ጥምዙ ቦይ ከሚያልቅበት ጋር ያስተካከለ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ሚሊሜትር ይለያያሉ። በተግባር የውጭው ከንፈር ይወሰዳል።

ርዝመት ለምን ይፈለጋል

በአለካኩ ላይ መስማማት ያልተቻለው ለኪዎች ስላልጠነቀቁ ሳይሆን የሚሹት ነገር ስለ ተለያየ ነው። አንዱ የሚሻው የጥይቱን ኀይል ነው። በርሜል እያሳጠሩ የእርሳሱን ፍጥነት የለኩ መርማሪዎች ፍጥነቱ ከርዝመቱ ጋር እንደሚጨምር፥ ጭማሪው ግን እየሳሳ እንደሚሄድና እንደ ጥይቱ ዓይነት እንደሚለያይ አሳይተዋል፤ በባለ ጎራሹም በክፍተቷ የሚያመልጠው ጋዝ ከዚሁ ላይ ይቀንሳል። ርዝመት ብቻውን ኀይል እንዳልሆነ በጎንደር ቤተ መንግሥት የታየ አንድ ነገር ያስታውሰናል፤ ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ወደ ከተማው ገብቶ በነበረበት ጊዜ፥ ከነፍጠኞች አለቃ ጋር ተከራክሮ፥ በእርሳስ ፈንታ ግማሽ የሞራ ሻማ አጉርሶ ተኵሶ ጋሻ ከጋሻ ደራርቦ፥ ኋላም የሾላ ጠረጴዛ እንደ በሳ በመጽሐፉ ይተርካል። የባሩዱ መጠንና የተኳሹ ዕውቀት ከበርሜሉ ጋር መቈጠር አለባቸው ማለት ነው።

ሌላው የሚሻው የመሰወርን መጠን ነው፤ ሽጉጥ የሚለው ስማችን ያዘለው አሳብ። የእንግሊዝ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1997 በተሻሻለበት ጊዜ በርሜሉ ከ30 ሳንቲሜትር ያነሰውን ብቻ ሳይሆን፥ መላ አካሉ ከ60 ሳንቲሜትር ያነሰውንም የከለከለው፥ የአውሮፓ መመሪያም አጭር መሣሪያ የሚለውን በነዚሁ ሁለት ቍጥሮች የተረጐመው ለዚህ ነው። አሜሪካ ወደ አገሯ የሚገባውን ሽጉጥ በምትመዝንበት ቅጽም ባለ ካዝናው በመላ ርዝመቱና በቁመቱ፥ ባለ ጎራሹ ደግሞ በበርሜሉና በአካሉ ይለካል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፥ ፍርሃቱ መሰወር ከሆነ በርሜልን መለካት የጎራዴን ጭካኔ በሰገባው ርዝመት እንደ መለካት ነው፤ ኩታ ውስጥ የሚገባው እጀታው ጭምር ነውና።

ሦስተኛው ምክንያት የመንግሥታት ውል ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል በጀርመን ላይ ባመጣው ገደብ ምክንያት ለሽያጭ የሚሠሩት ሉገሮች 98 ሚሊሜትር፥ አጭሩ ማውዘርም 99 ሚሊሜትር በርሜል ይዘው ወጡ፤ የቀድሞው ማውዘር 140 ነበረ። ሁለቱም ከ100 በታች ለጥቂት ማነሳቸው የሥነ ጥበብ ምርጫ አለመሆኑ ግልጽ ነው።

መድፈኞች ደግሞ ርዝመትን በአፉ ስፋት ያካፍሉታል፤ ቁመቱ የአፉን ስፋት ስንት ጊዜ እንደሚያጥፍ ይናገራሉ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ቀልጦ የተሠራው፥ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል በዚህ አነጋገር አጭር መሣሪያ ነው፤ ክብደቱ ሳይሆን አፉ ከቁመቱ ጋር ያለው ዝምድና ይፈርድበታል። በዚህም እንኳ ጀርመኖች ከአፈሙዝ እስከ መድፉ ጅራት፥ እንግሊዞች የውስጡን ቦይ ብቻ ይለኩ ስለ ነበር፥ የሁለቱ አገር መድፎች በቍጥር ሲነጻጸሩ ያልጠነቀቀ ጸሐፊ ይስታል።

በጎንደር ያለፉት

በጎንደር ምድር ስለ ሽጉጥ ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚታወሰው ከንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ቴዎድሮስ የተላከው ነው። ቆንስል ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. በጎንደር አቅራቢያ ከሽፍቶች እጅ ወድቆ ቈስሎ ከሞተ በኋላ፥ ንጉሡ ስላደረጉለት ቸርነት ምስጋና ይሆን ዘንድ፥ በብር ያጌጠ ጥንድ ሽጉጥ በቆንስል ካሜሮን እጅ በ1855 ዓ.ም. ደረሳቸው፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በማዕዶት ሰኞ፥ በመቅደላ ነፍሳቸውን የወሰደውም ከዚህ ስጦታ የሆነው ነው። ለያዝነው ነገር የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ሽጉጥ የሚለው ቃላችን ባለ ጎራሹንም ባንድ ጥይቱንም አንድ አድርጎ ስለሚጠራ፥ ስለዚህ ስጦታ የተጻፈ አማርኛ ብቻውን ልኬቱ ከየት እንደሚጀመር ሊነግረን አይችልም።

ጣሊያን በጎንደር እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ቆይቶ እጁን ሲሰጥ የመኰንኖቹ የወገብ መሣሪያ ቤሬታ 1934 ነበረ፤ በርሜሉ ወደ 94 ሚሊሜትር። ከእንግሊዞች ጋር የመጣው ባለ ጎራሹ ዌብሊ 6 ደግሞ 152 ሚሊሜትር፥ ጎራሹ ሳይቈጠር። በደርግ ዘመን ከሶቪየት አገር የገባው ማካሮቭ 93 ሚሊሜትር ሲሆን፥ የቀለሁ 18 ሚሊሜትር ሲነሣ ለእርሳሱ 75 ያህል ይቀረዋል። ዛሬ በመተማ በኩል በድብቅ የሚገባው የቱርክ ሽጉጥ የታባንጃን ስም ከነአገሩ ይዞ መመለሱን የቃል ታሪክ ወዳጅ ሳይታዘበው አያልፍም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ፈቃድና ምዝገባ የሕግ ጉዳይ ሆኗልና፥ በማናቸውም መዝገብ ላይ የበርሜል ልክ የሚጻፍ ከሆነ ከቍጥሩ ጎን «ከቃታ ግንባር» ወይም «ከጎራሽ ፊት» የሚል ሁለት ቃል ቢጨመር ብዙ ክርክር ይቀንስ ነበር።

ያልተፈታው

ከላይ የዘረዘርናቸውን አቋሞች ሁሉ የሚፈትን አንድ ሽጉጥ አለ፤ እርሱም ቀደም ብለን የጠቀስነው ናጋን ነው። በተለመደው ባለ ጎራሽ የምትቀረውን ክፍተት ናጋን ያጠፋታል፤ ምክንያቱም መዶሻው ወደ ኋላ ሲሳብ የሚሽከረከረው ብረት ወደ ፊት ተገፍቶ ከበርሜሉ ጋር ይገጥማል፥ እርሳሱን በሙሉ ውጦ የያዘው ረጅሙ ቀለህም አፉን በበርሜሉ ውስጥ ያስገባል። በዚያች ቅጽበት የጥይቱ ማደሪያና በርሜሉ እንደ ባለ ካዝናው አንድ ቱቦ ሆነዋል ማለት ይቻላል፤ መዶሻው ሲመለስ ደግሞ ይለያያሉ። የካናዳን ቃል የያዘ ለኪ በጎራሹ ፊት ቆሞ 114 ይላል፤ የእንግሊዝን ቃል የያዘ እስከ ባሩዱ ወርዶ ወደ 39 ሚሊሜትር ገደማ የሚሆነውን ቀለህ ይጨምርና 150 ያልፋል፤ ሽጉጡ በሚለካበት ጊዜ ተደግኖ ይሁን ወይስ መዶሻው ተመልሶ የሚል ቃል ግን ከሁለቱ ሕጎች በአንዱም አልተጻፈም።